ጠወለገ፣ ከሰመ፣ ደረቀ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ታቦር፦ ተክል ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ የሚያወጣበትን ሂደት አንዳንዱ «የተክል ላብ»፣ ሌላው «ትነት» ይለዋል። የቱ ይሻላል? «ጠወለገ» እና «ከሰመ»ስ አንድ ናቸው?

አሞራ ገደል፦ «ላብ» አይሆንም። ላብ ጠብ ይላል፤ ከቅጠል የሚወጣው ግን ዓይን የማያየው እንፋሎት ነው። መውጫው ስቶማታ የሚባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው፤ በብዙ ተክሎች የሚበዙት በቅጠሉ ጀርባ ነው። ሥር ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሄደው በዚህ መልክ ነው። «ትነት» ብቻ ካልን የሐዋሳ ሐይቅም፣ የተሰጣ ልብስም ይተናል። «የቅጠል ትነት» ቢባል ይበቃል።

ጥቁር ውሃ፦ ማለዳ በሣር ጫፍ የሚንጠለጠለው ጠብታስ?

አሞራ ገደል፦ እሱ ሌላ ነው። ሌሊት ቀዳዳዎቹ ተዘግተው፣ አፈሩ ርሶ፣ አየሩም እርጥበት ሲያዝል ሥር ውሃ ወደ ላይ መግፋቱን አይተውም፤ ውሃው እንደ ፈሳሽነቱ በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይወጣል። ጤዛም አይደለም። ጤዛ ከአየር የመጣ ስለሆነ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ይሄኛው ግን ጠርዙን ይዞ ይደረደራል። «ላብ» የሚለው ቃል የግድ ቦታ ይሰጠው ከተባለ ለዚህ ይሁን።

ጥቁር ውሃ፦ ወደ «ጠወለገ» ልመለስ። የጠወለገ ቅጠል ህዋሳቱ ውሃ ጎድሏቸው ለሰለሱ እንጂ አልሞቱም። «ምነው ጠወለግሽ?» የምንላትም ብታርፍ ይለቃታል ብለን ነው። «ከሰመ» ግን ማለቅን ይዟል፤ ፓርቲ ከሰመ እንላለን፣ ፓርቲ ጠወለገ አንልም። «ደረቀ» ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ለጓሮ ሰው ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ቃሪያ ቀትር ላይ የሚጠወልገው የሚተነው ውሃ ሥር ከሚስበው ስለሚበልጥ ነው፤ ንፋስ ካለ ይብሳል፣ ቅጠሉን ከብቦ የያዘውን እርጥብ አየር ይጠርገዋልና። ማታ ቀና ካለ ደህና ነው። ጎህ ሲቀድም እንደተኛ ከሆነ ጣት አፈር ውስጥ ይግባ። ደረቅ ከሆነ ይጠጣ። ጭቃ ከሆነ ግን ውሃ ይቁም፦ ሥሩ አየር አጥቶ መሳብ አቅቶታል፤ «ጠማው» ብሎ መጨመር መግደል ነው።

ታቦር፦ ታዲያ «አጠውልግ» የሚባለው የእንሰት በሽታስ? የያዘው እንሰት መች ይመለሳል? ትርጉሙ እዚህ ላይ ፈረሰ።

ጥቁር ውሃ፦ ጥሩ ይዘሃል። ስሙ የወጣው ከመጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያ ከሚታየው ምልክት ይመስለኛል። የአጠውልግ መነሻ ባክቴሪያ ነው፤ በተክሉ ውስጥ ውሃ የሚተላለፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሚደፍን አፈሩ ርሶም ቅጠሉ ይጠወልጋል። የቅጠሉ ግንድ ሲቆረጥ ቢጫ ያዘለ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ እሱ ነው፤ ይነቀላል፣ ይቀበራል። አንዱ ማስተላለፊያው ቢላዋ ስለሆነ ወደ ሌላው ተክል ከመሄድ በፊት በእሳት ይለብለብ። በዚህ ስም «አ-» የምትለው ፊደል ናት ሥራውን የሠራችው፦ ተክሉ ጠወለገ፣ በሽታው አጠወለገ።

አሞራ ገደል፦ ችግኝ ሲዛወርም የሚያጠወልገው ያው የሒሳብ ጉድለት ነው። ሥሩ ሲነቀል ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ግን ሙሉውን ማትነኑን ይቀጥላል። ስለዚህ ተከላው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን፣ ለጥቂት ቀናት ጥላ ይደረግለት፤ ትላልቅ ቅጠል ያለው ከሆነ ከፊሉ ይቀነስ።

ታቦር፦ የቅጠል ትነት በዓይን የማይታይ ከሆነ ለልጆች በምን ይታያል?

አሞራ ገደል፦ በፌስታል። ውስጡን የሚያሳይና ደረቅ ፌስታል ቅጠል ባለው ቅርንጫፍ ላይ አጥልቆ አፉን ግንዱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። አፈር አብሮ አይግባ፣ የአፈሩ ትነት ይቀላቀላል። ሌላ ባዶ ፌስታል አስሮ አጠገቡ መስቀልም ያስፈልጋል፤ አለዚያ «ከአየሩ ነው» የሚል አይጠፋም። በአንድ ሁለት ሰዓት ቅጠል ያለበት ውስጡ ያላበዋል። (ይኸው፣ ፌስታሉ ላበ ማለት ይቻላል።) ጠራራ ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይ፣ ቅጠሉ ይቀቀላል።