ያልተመዘገበ ዩቲዩበር የጋዜጠኛ ጥበቃ ይገባዋል? (የቡድናችን ክርክር)

የሕግ ተማሪዋ
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈት። ጥያቄው ይሄ ነው። በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ዜና የሚሠራ፣ ግን በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ሰው፣ ሕጉ ለጋዜጠኛ የሰጠውን ጥበቃ ማግኘት አለበት ወይስ የለበትም?

ለምን እንደጠየቅኩ ላስረዳ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንቀጽ 86 አለው። በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ሠርቷል የተባለ ሰው ለምርመራ ተብሎ ታስሮ አይቆይም፤ ክስ ካለ በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በቀላል አማርኛ፣ ጊዜ ቀጠሮ እየተጠየቀበት ፖሊስ ጣቢያ አይከርምም። በዩቲዩብ የሚሠሩ ሰዎች ሲያዙ ግን "ይህ ሰው አልተመዘገበም፣ አንቀጹ አይመለከተውም" የሚል ክርክር ይነሳል።

እኔ ጥበቃው ሥራውን ይከተል ባይ ነኝ። ሰውዬው ዜና ሰብስቦ ለሕዝብ ካቀረበ፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረው፣ አንቀጽ 86 ይመለከተዋል። እናንተስ?

የደሴው መምህር
እህቴ፣ በዚህ አልስማማም። ጥቅምት 2014 ደሴ ነበርኩ። ጦርነቱ ከተማው ደጃፍ ደርሷል። አንዱ ቻናል "ደሴ ሰላም ናት፣ አትደናገጡ" ይላል። ሌላው "ተያዘች" ይላል። ጎረቤቴ ሦስት ልጆች አሏት። ትንሹን አዝላ፣ ሁለቱን አስከትላ እስከ ኮምቦልቻ መንገድ ወጣች። መንገድ ላይ ሌላ ቪዲዮ አሳዩአት፣ ተመለሰች። በማግስቱ እንደገና ወጣች። የትኛው ቻናል እንዳሳሳታት ዛሬም አታውቅም። ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም።

ሐኪም ያለ ፈቃድ አያክምም። ሾፌርም ያለ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። ሕዝብ የሚያስደነግጥ ወሬ የሚነዛ ሰው ግን ማነህ ሊባል አይገባም? ምዝገባ ትንሹ ነገር ነው። እሱን እንኳን ያልፈለገ ሰው ጥበቃውን ለምን ይጠይቃል?

ጋዜጣ አዟሪው
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እኔ አራት ኪሎ ጋዜጣ ሸጬ ነው ያደግኩት። ከሸጥኩት ያከራየሁት ይበልጣል። ደንበኛው ሳንቲም ይሰጠኛል፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ አጣጥፎ ይመልሳል። በ1997 ምርጫ ሰሞን ከማለዳው ጀምሮ ይጠብቁኝ ነበር። ገዢውን ፓርቲ የሚደግፈውም፣ ቅንጅት ያለውም፣ አንዱ የሌላውን ጋዜጣ ይከራያል። ይከራከራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ በነጋታው ይመጣሉ።

ጥቅምት 1998 ግርግሩ መጣ። አዘጋጆቹ ታሰሩ፣ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጠረጴዛዬ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። እነዚያ ጋዜጦች ፈቃድ ነበራቸው። አድራሻቸውም፣ የአዘጋጁ ስምም በየገጹ ላይ ታትሟል። ፖሊስ ማንን ከየት እንደሚያመጣ ለማወቅ ጠቀመው እንጂ እነሱን አላዳናቸውም።

የኤፍኤም አዘጋጇ
ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ፣ ግን የገንዘቡን ነገር ረሳችሁት። እኔ በኤፍኤም ተባባሪ አዘጋጅ ነበርኩ። ለማታውቁት፣ ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ከጣቢያው የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ራሱ ፈልጎ የሚሠራ ሰው ነው። ስፖንሰራችን ቢራ ነበር። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ። ለጤና ተብሎ ነው፣ አልቃወምም። ግን ክፍተቱን ማን እንደሚሞላው ያሰበ አልነበረም። ፕሮግራሜ በዚያው ዓመት ቆመ። አለቃ አልከለከለኝም፣ ካድሬ አልደወለልኝም። በቃ ሂሳቡ አልሞላም።

ከዚያ ወደ ዩቲዩብ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስለ ውኃ ችግር ሠራሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንዲት እናት ጀሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ከኋላዋ እየተከተልኩ ቀረጽኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ ይሰማል። ያን ቪዲዮ ያየው ሺህ ሰው አይሞላም። በሳምንቱ አንድ ወዳጄ ስለ አንድ ዘፋኝ ፍቺ በግማሽ ሰዓት ቆራርጦ ለቀቀ። "ሰበር" የሚል ቀይ ጽሑፍ ለጠፈበት። በአንድ ቀን መቶ ሺዎች አዩት።

ስለዚህ መምህር፣ የተመዘገበውም ያልተመዘገበውም እየተጎተተ ያለው ወደዚያ ነው። ቪዲዮ እየመረጠ ለሰው የሚያሳየው አልጎሪዝም ምዝገባ አይጠይቅም። የሚያስጮህ ነገር ነው የሚፈልገው።

የሜሪላንዱ ሾፌር
ከዚህ ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። ኢሳት በ2002 ከውጭ ሲጀምር ለምን እንደተፈለገ እናውቃለን። አገር ቤት መናገሪያ ስለጠፋ ነው። አሁንም አገር ቤት ያለው ዩቲዩበር ሲፈራ፣ ተመልካቹ ወደኛ ቻናሎች ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ ይሄ አያስደስተኝም። እዚህ ተቀምጦ "ተነሳ፣ ምታ" ማለት ቀላል ነው። ኡበር እየነዳሁ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማቸው አድራለሁ። የሚከተለውን የሚቀበለው ግን ደሴ ወይም መቀሌ ያለው ሰው ነው።

እና ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ያለውን ልጅ መዝግቦ፣ አስሮ፣ እኛን ምን ሊያደርገን ነው? አገር ቤት ኃላፊነት የሚሰማው ይጠፋል፣ ውጭ ያለው ደግሞ ብቻውን ይጮሃል።

የደሴው መምህር
ወንድሜ፣ ስላመንክ አመሰግናለሁ። ግን ይሄ የኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ማንም ካልተጠየቀ ሰው ይሞታል። የባሕር ዳሩን ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን አስታውሱ። የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፣ ባልደረባዬ ማለት ናቸው። ፎቶአቸውና ስማቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጥቅምት 2014 በራቸው ላይ ተገደሉ። የመናገር ነፃነት ስትሉ እሳቸውንም አስቡ።

የሕግ ተማሪዋ
መምህር፣ የእሳቸውን ጉዳይ ሳነብ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ልጃቸው አቤቱታውን ይዞ የሄደው የት እንደሆነ ግን ልብ ይበሉ። ናይሮቢ ነው። በ2015 ከሌሎች ጋር ሆኖ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው "ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም" ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 2017 ላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ልጁ የጠየቀው ጥላቻን የሚያራግበው አሠራር እንዲስተካከል፣ በቂ የይዘት ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጠሩና ተጎጂዎች እንዲካሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ላይ ቁልፉ ያለው ኩባንያው እጅ ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ዩቲዩበር ጣቢያ አስረን ብናሳድር እዚያ አንደርስም።

ጥላቻ ለሚነዛ ደግሞ ሕግ አለ። አዋጅ 1185/2012። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ቢያሰራጭ እስከ 3 ዓመት እስር አለበት። ይከሰስ፣ ይከራከር፣ ጥፋተኛ ከሆነ ይቀጣ። እኔ የምጠይቀው ሳይከሰስ እንዳይታሰር ብቻ ነው። መዓረግ አማረን የገደለ ንግግርና የኮዬ ፈጬን ውኃ የሚዘግብ ንግግር በአንድ ገመድ አይታሰሩ።

ምዝገባው ላይም አንድ ነገር አለኝ። መዝገቡን ማን ነው የያዘው? አዋጅ 1238 ሲወጣ የባለሥልጣኑ ቦርድ አባላት የፓርቲ አባል እንዳይሆኑ ይከለክል ነበር። ጥሩ ነበር። ሚያዝያ 2017 የተወካዮች ምክር ቤቱ አሻሻለው። ያ ክልከላ ወጣ፣ ዋና ዳይሬክተሩን የሚሾሙትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኑ። ነገ እርስዎ የሚቃወሙት ፓርቲ ሥልጣን ቢይዝ መዝገቡን በእነሱ እጅ ያምኑታል?

የኤፍኤም አዘጋጇ
ቁጥሩም ይሄንኑ ይናገራል። ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች በ2010 ሲከፈቱ ቢሮ ውስጥ ተቃቅፈን ነበር። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ደረጃ በአንድ ዓመት ከ150ኛ ወደ 110ኛ ወጣን። በ2017 ግን 145ኛ ሆንን። ወደ ተነሳንበት ልንመለስ ምንም አልቀረንም። ያኔ የተደሰትኩትን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ጋዜጣ አዟሪው
አሁን በዚያው ቦታ የስልክ ቀፎ ሽፋን ነው የምሸጠው። አንድ የድሮ ደንበኛዬ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስማርት ስልክ ልካላቸዋለች። "ስልኩ የምስማማበትን ብቻ እየመረጠ ያሳየኛል፤ የምናደድበት ጋዜጣ አምጣልኝ" ይሉኛል። ከየት ላምጣ?

የደሴው መምህር
ማታ ጎረቤቴን ጠየቅኳት። "ያኔ ማን ቢቀጣልሽ ደስ ይልሽ ነበር?" አልኳት። "ቅጣቱ ምን ያደርግልኛል? ወጥቶ አይቶ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይም ዝግ ነው የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግኩት" አለችኝ። እንዲያ የሚያደርግ ሰው ነገ ጣቢያ የሚያድር ከሆነ አይወጣም። በጊዜ ቀጠሮው ነገር ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ተቀብያለሁ።

ስምና አድራሻ ይታወቅ በሚለው ግን አልተለወጥኩም። መዝገቡን መንግሥት አይያዘው ካላችሁ፣ የጋዜጠኞቹ የራሳቸው ምክር ቤት ይያዘው። ቅሬታ ያላት እናት በስልክ ደውላ የምታገኘው ሰው ግን ይኑር። በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ይጻፍልኝ፣ ነገ ከክፍል ስወጣ አነበዋለሁ።