ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እህቶች። ምክር ፈልጌ ነው።

ሱቃችን ደህና ሲሠራ ባለቤቴ አሥራቱን ቀድሞ የሚያወጣ፣ ጾም የማይገድፍ፣ የእሁድ ቅዳሴ የማያመልጠው ሰው ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ግን ደጀ ሰላም አልረገጠም። «ያን ሁሉ ዘመን ሳገለግለው አሁን የት ሄደ?» ይለኛል። መልስ ያጥረኛል።

በኢዮብ ቤት ተስፋ የቆረጠችው ሚስቱ ነበረች። እሱ ግን መልካሙን ከእግዚአብሔር እጅ ከተቀበልን ክፉውንስ እንዴት አንቀበልም አላት። ይህን ላነብለት አስባለሁ፤ ግን የቆሰለ ሰው ላይ ጥቅስ መወርወር እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ዘመዶች ደግሞ «ኃጢአት ቢኖርባችሁ ነው» ይላሉ። ይሄ በጣም ያመኛል። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲህ ብለው ነው በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣቸው። ደግ የሠሩት መጀመሪያ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ነው።

እኔስ ዝም ልበል ወይስ ልናገር? የንስሐ አባታችንን ሳልነግረው ቤት ልጥራቸው? ልጆቹ «አባዬ ለምን አይመጣም?» ሲሉኝስ ምን ልበላቸው? በትዳራችሁ ይህን ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን እንደረዳችሁ ንገሩኝ። በጸሎታችሁም አስቡን።