ከተረጋገጠለት ባንድዊድዝ ከፍ የማይል ኦኤንዩ (በተጠቃሚው በኩል ያለ የፋይበር መሣሪያ)፤ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የኔትወርክ ባለሙያዎች። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሕንፃዎቹን በጂፖን፣ ማለትም አንዱን ፋይበር ለብዙ ተጠቃሚዎች በሚያካፍል ቴክኖሎጂ፣ አገናኝተናል። እንደምታውቁት በዚህ ቴክኖሎጂ ወደ ተጠቃሚው የሚወርደው በሰከንድ 2.488 ጊጋቢት ሲሆን፣ ወደ ማዕከሉ የሚመለሰውን 1.244 ጊጋቢት ግን በአንድ ስፕሊተር (ብርሃን ማከፋፈያ) ሥር ያሉ ኦኤንዩዎች ሁሉ በተራ ስለሚጋሩት፣ ማን መቼ እንደሚልክ በየ125 ማይክሮሰከንዱ የሚደለድለው ኦኤልቲው (የማዕከሉ መሣሪያ) ነው።

ለእያንዳንዱ ሕንፃ 20 ሜጋቢት የተረጋገጠ፣ 100 ሜጋቢት ደግሞ ጣሪያ የሆነበት ዓይነት 3 ቲ-ኮንት (ወደ ማዕከሉ የመላኪያ ድርሻ የሚሰጥበት ክፍል) ተመድቧል። የቢሮ ስልኮቹ በቋሚ ድልድል ለብቻቸው ስለተለዩ ችግር የለባቸውም። የቤተ መጻሕፍቱ ኦኤንዩ ግን ማታ ሌሎቹ ሕንፃዎች ጭር ብለው መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት እንኳ፣ ተማሪዎች ቪዲዮ ሲጭኑ 20 ሜጋቢት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ማውረዱ ጤነኛ ነው፤ የሚደርሰው ብርሃንም ከዜሮ በታች 19 ዲቢኤም ስለሆነ ፋይበሩን አልጠረጥርም (ማገናኛውን አጽዳ የሚለውን ምክር ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል)።

ኦኤልቲው የሚደለድለው ኦኤንዩዎቹ በሚልኩት የወረፋ ሪፖርት ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ መሣሪያ ብቻ ደግሞ የሌላ አምራች ነው። ሪፖርቱን የማይልክ ወይም ሁልጊዜ ወረፋዬ ባዶ ነው የሚል ከሆነ፣ ኦኤልቲው የተረጋገጠውን እየሰጠ ትርፉን ይከለክለዋል ብዬ እገምታለሁ። መሣሪያውን ሳንቀይር ይህን ከኦኤልቲው በኩል እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል? ኦኤልቲው ሪፖርት ሳይጠብቅ ፍሰቱን ራሱ እየተከታተለ ወደሚገምትበት ስልት ብንቀይረውስ፣ በዚያው ወደብ ያሉትን ስልኮች ይጎዳቸው ይሆን?