በቀጠሮ ቀን ያልቀረበ ተከሳሽ ምን ማድረግ ይችላል?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ የሚኖሩ አጎቴ በወረዳው ፍርድ ቤት የብድር ክስ ቀርቦባቸው፣ በቀጠሮው ዕለት ደብረ ብርሃን ለሕክምና ተኝተው ስለነበር ጉዳዩ በሌሉበት እንዲታይ ታዟል። ምን ያድርጉ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። በመጀመሪያ ፍርድ መሰጠት አለመሰጠቱን ከመዝገብ ቤት ያረጋግጡ። ካልተሰጠ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 72 መሠረት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀርበው የቀሩበትን በቂ ምክንያት ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ሊሰማቸው ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ግን ቁጥር 78ን ይመልከቱ፤ መጥሪያው በአግባቡ አለመድረሱን ወይም በቂ በሆነ እክል ምክንያት መቅረታቸውን ጠቅሰው፣ ፍርዱን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት እንዲነሣላቸው ማመልከት ይችላሉ። የሐኪም ማስረጃውን አያይዙ፤ እባክዎ ወሩ እንዳያልፍባቸው።