ሰንጠረዥ ላይ ወረራው መቼ ነው የሚቆመው?

ጨሞጋ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ናችሁ? እኔና ጓደኛዬ ቼዝ ጠግበን የጥንቱን ሰንጠረዥ (የአገራችንን የቆየ ቼዝ) ጀመርን፤ አሁን ወረራው፣ ማለትም የጨዋታው መክፈቻ፣ ላይ አልተግባባንም። ተራ የለም ብሎ ዝም ብሎ ያንቀሳቅሳል። እጁ ፈጣን ነው፣ እኔ አንድ መደቅ (ወታደር) ገፋ ሳደርግ እሱ ሦስት ጠጠር አውጥቶ ይጠብቀኛል። እውነት ደንቡ እንደዚህ ነው? ከሆነስ እንዴት ልቋቋመው?

ዓባይ ዳር (ባሕር ዳር)፦ አዎ ወንድምዓለም፣ ደንቡ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለታችሁም ተራ ሳትጠብቁ ታንቀሳቅሳላችሁ። አንዱ በላ ማለት ወረራው አበቃ፣ ከዚያ በየተራ ነው። ፍጥነቱ አያስፈራህ። ዓይንህን እሱ እጅ ላይ አድርግ፣ ደሩን (በቼዝ ሩክ የሚባለውን) ወደ አንድ ጎን ሲያከማች አይተህ አሰላለፍህን ቀይር። ወረራ ውስጥ ቀድሞ መጨረስ ትርፍ የለውም፤ ዋናው ማንኛውም መደቅ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ነው፣ ምክንያቱም መብላት የሚጀምረው እሱ ከሆነ በመረጠው ሰዓት ያቆምብሃል።

የቡሬው፦ እኔ ደግሞ ፊልን (በቼዙ ጳጳስ ቦታ የሚቆመውን ጠጠር) ልንገርህ፣ ቼዝ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ መሃል ላይ ጠጠር ቢኖርም ግድ የለውም። ግን ከ64ቱ ቤት መርገጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። የአንተና የእሱ ፊሎች ጨዋታው እስኪያልቅ አንዱ ሌላውን አይበላም። የእሱ ሁለቱ ፊሎች ተደምረው 16 ቤት ነው የሚደርሱት፤ እነዚያን ለይተህ ካወቅህ ንጉሥህን የት እንደምታሳርፈው አትቸገርም። ንግሥት የሚባል ነገር የለም፣ በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ የሚበላው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ መደቅም ጫፍ ሲደርስ የሚሆነው ፈርዝ ነው። ስለዚህ ደርህን በከንቱ አትስጥ!

ጨሞጋ ማዶ፦ በጣም አመሰግናለሁ። እሺ፣ ወረራውን ተቋቁሜ ጠጠሮቹን ብጨርስበትስ? ያኔ አሸነፍኩ ማለት ነው?

ዓባይ ዳር፦ ኧረ እንዳትጨርስ! ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም፣ አቻ ነው የሚሆነው። አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀረው ደግሞ ያቺ ጠጠር 7 ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ማት ማድረግ (ንጉሡን መውጫ ማሳጣት) አለብህ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጠጠር ተውለትና መጀመሪያ ንጉሡን ክበበው።

የቡሬው፦ በደር ማት ማድረግ ቢቻልም አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ነው የሚደነቀው፣ በመደቅ ከሆነማ አዳራሹ ያጨበጭባል። ደርህ መውጫውን ይዝጋበት፣ መጨረሻውን ለመደቅ ተውለት። እስቲ ዛሬ ማታ ሞክረውና ምን እንደሆነ ጻፍልን።