ጄሰን ላይ ያስቀመጥኩት ዲክሽነሪ ሲመለስ ቁልፉ አይገኝም

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሞራ ገደል (እዚህ ያለው የዓሣ ገበያ) ላሉ ዓሣ ሻጮች መመዝገቢያ በፓይተን እየሠራሁ ነው። መረጃውን የምይዘው በዲክሽነሪ (ቁልፍና እሴትን እያጣመረ በሚይዝ መዝገብ) ነው፤ ቁልፉ የሻጩ ተራ ቁጥር፣ እሴቱ የዓሣው ዓይነትና ኪሎው ነው። በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጫ ቅርጽ) በ«ዳምፕ» ፋይል ላይ ጽፌ በ«ሎድ» አንብቤ ስመልሰው፣ 7ን ስጠይቅ «ኪይ ኤረር» (ቁልፉ የለም) ይለኛል፤ ፕሪንት ሳደርግ ግን 7 አለ። ፋይሉ ውስጥም «ቆሮሶ» በሚለው የዓሣ ስም ፈንታ 1246 እያለ የሚቀጥል ኮድ ነው የማየው።

መልስ 1፦
ጄሰን ለቁልፍ የሚቀበለው ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብቻ ነው። ቁጥሩ 7 ሲጻፍ «7» ይሆናል፣ ሲነበብም እንደዚያው ይቀራል። ፕሪንት ያደረግከውን ደግመህ እይ፣ ትእምርተ ጥቅስ አለበት። ኪይ ኤረሩ እንኳ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ድምፅ ሳያሰማ የሚጠፋው ነው። ከሎድ በኋላ በቁጥሩ 7 አዲስ ሽያጭ ብታስገባ ዲክሽነሪው ሁለቱንም ይይዛል፣ ፋይሉም ላይ «7» ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሎድ የመጨረሻው ብቻ ይተርፋል፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ቁልፉን ገና ሲገባ በ«ስትር» ወደ ስትሪንግ ለውጠው። ሲነበብ በ«ኢንት» ወደ ቁጥር መመለስም ይቻላል፣ ግን አንድ ቦታ ከተረሳ ያው ነው።

መልስ 2፦
ቆሮሶ አልጠፋም፣ ሎድ ሲደረግ ይመለሳል። ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ወደ ኮድ የሚለውጠው የዳምፕ ምርጫ፣ «ኢንሹር አስኪ»፣ ካልተነካ «ትሩ» ነው፤ «ፎልስ» አድርገው። ፋይሉን ስትጽፍም ስታነብም ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበትን መንገድ) ዩቲኤፍ-8 ብለህ ክፈት፣ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ «ዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር» ሊመጣ ይችላል። አንድ የአማርኛ ፊደል ፋይሉ ላይ ባየኸው ኮድ 6 ባይት ይፈጃል፣ በዩቲኤፍ-8 ግን 3።

መልስ 3፦
የዓሣውን ስም ቁልፍ ካደረግክማ ሌላ ጣጣ አለ። «ዓሣ»፣ «ዓሳ» እና «አሳ» ለእኛ አንድ ቃል፣ ለዲክሽነሪው ሦስት ቁልፍ ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (የአንድ ፊደል የተለያዩ አጻጻፎችን አንድ የሚያደርግ ሥርዓት) አያስታርቃቸውም፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፊደል ነውና። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚመልስ ሠንጠረዥ አዘጋጅተህ ቁልፉን በ«ትራንስሌት» (ፊደል በፊደል በሚተካ የፓይተን ትእዛዝ) አሳልፈው። ራብዑን አትርሳ፦ ዓ ወደ ኣ ብቻ ከተመለሰ ከአ ጋር አሁንም አይገጥምም፤ ዓንም ኣንም በቀጥታ ወደ አ፣ ሓን፣ ኃንና ሃንም ወደ ሀ መልስ። ይህ ለቁልፉ ብቻ ነው፤ ሻጩ የጻፈው ስም እሴቱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። «7» ሁለቴ የተጻፈባቸው ፋይሎች ቢኖሩ የመጀመሪያውን ማውጣት ይቻላል?

መልስ 1፦
በላዩ እንደገና ዳምፕ ካላደረግክ ይቻላል። ለሎድ «ኦብጀክት ፔርስ ሁክ» ላይ የራስህን ፈንክሽን ስጠው፤ ቁልፍና እሴቱን በጥንድ በጥንድ፣ የተደገመውንም ሳይጥል በሊስት ያቀብልሃል። መጀመሪያ ግን ፋይሉን ኮፒ አድርግ።