የቆጠራ ጉድለት ከደመወዜ ሊቆረጥ ነው፤ ልፈርም?

የመጋዘን ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጋዘን ዕቃ ያዥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ቆጠራ ተደረገና 14 ካርቶን ጎደለ ተባለ። ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነው፤ አንዱ ራሱ አለቃዬ ነው። ሲቆጠር ደግሞ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ትናንት ጠራኝና «ጉድለቱን አምኛለሁ፣ ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። «ካልፈረምክ ነገሩ ይከፋል» አለ። እስከ ሰኞ ጊዜ ስጠኝ ብዬ ወጣሁ። ፈርሜ ልገላገል ወይስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የድሮ ተወካይ፦
ወንድሜ፣ እንዳትፈርም። 9 ዓመት የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ነበርኩ። በጥፋቱ ሳይሆን በፊርማው የተጎዳ ስንቱን አይቻለሁ። ካመንክ በኋላ ማን ይሰማሃል? ተቀበል ብለው ካስጨነቁህ «ደርሶኛል፣ ይዘቱን ግን አልተቀበልኩም» ብለህ በእጅህ ጻፍበት። ቀን አስቀምጥ፣ ፎቶ አንሳው።

ደመወዝ አለቃ ደስ ሲለው የሚቆነጥረው ነገር አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 95፣ ቅነሳ የሚፈቀደው የአገሩ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት) ወይም የግልግል ውሳኔ በሚለው ልክ ነው። ያንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል አይተህ ግባ።

ከሰኞ በፊት አጭር ማመልከቻ አስገባ። የቆጠራውን ሰነድ ኮፒ ጠይቅ፤ ማን እንደቆጠረና ቁልፉ እነማን ጋ እንደነበር በጽሑፍ ይንገሩህ። የፈቃድ ወረቀትህን አያይዝ፤ ዋናዋ እሷ ናት። ስድብና ምሬት አይግባበት።

ከሰው ሀብት ክፍል፦
እኔ በወዲያኛው በኩል ነው የምቀመጠው። አለቃውም ከላይ «ተጠያቂው ማነው?» እየተባለ ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ በቃል ያማረረ ሰው ፋይል የለውም። ጻፍና ቁጥር አስመታበት።

የመጋዘን ሰው፦
እዚያው ካልተፈታስ? አስታራቂ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። እሱ ያለው ያስገድደኛል?

የድሮ ተወካይ፦
አስማሚና ገላጋይ ዳኛ ለየቅል ናቸው። አስማሚ ያቀራርባችኋል እንጂ አይፈርድም፤ ካልተዋጠልህ እምቢ ትላለህ። የግልግል ዳኛ ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስራል።

ደግሞ ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ጠብቅ። አንድ ልጅ «ነገ እንጨርስልሃለን» ሲባል ወራት ቆጠረ። ክስ ሊያቀርብ ሲሄድ ጊዜው አልፏል ተባለ። እስካሁን ያናድደኛል።

የመጋዘን ሰው፦
ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ግማሽ ገጽ ሆነ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ነበር፤ ስድቡን ሳወጣ አጠረ።